ስልኬ ላይ የቀረው የቤት ስሟ

ሰልፉ ሲበተን ፖሊሶች ያዙኝ። ስልኬ በእጄ ነበር፣ እንደተከፈተ ነጠቁኝ። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ አዲስ የተቀባው ግድግዳ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ወንበሩ ከወለሉ ጋር ተበይዷል። ገና ስቀመጥ ያሰብኩት እህቴን ነው። ወታደር ናት። ወታደር ሰልፍ መውጣት አይፈቀድለትም፤ ከታወቀባት ወህኒ ትወርዳለች። እሷ ግን የሲቪል ልብስ ለብሳ ሰልፉ ላይ ከጎኔ ቆማ ነበር።

የዚያን ቀን ከሕዝቡ ብዛት ኔትወርክ እምቢ ስላለ መልእክት የምንለዋወጠው በብሉቱዝ ነበር፤ ካንዱ ስልክ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ይደርሳል። ኢንተርኔት ከሌለ ማን ያየናል ብለን። ሞኞች! ለካ እያንዳንዱ ስልክ ባለቤቱ ያወጣለትን ስም ይዞ ሌሎቹ ስልኮች ላይ ይታያል። እህቴ ለስልኳ የሰጠችው እናታችን የምትጠራትን የቤት ስሟን ነው። አባታችን ፊደል ስላስቆጠራት በአማርኛ ነበር የጻፈችው። ሠራዊቱ የሚያውቃት በዕብራይስጥ ስሟ ብቻ ነው።

መርማሪው ስልኬ ላይ የቀረውን የስሞች ዝርዝር አሳይቶኝ፣ በአማርኛ የተጻፈውን እየጠቆመ ይህ ምን ይላል አለኝ። አላውቅም አልኩ። በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ አለና በር ላይ የቆመውን አማርኛ የሚያነብ ዘብ ጠራ። ዘቡን ሳየው አወቅኩት። ክርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈራችን አንድ ሕንጻ ላይ የምንኖር ጎረቤታችን ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት ሰው። እህቴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ ስም ነው የሚጠራት።

መነጽሩን አውጥቶ አነበበው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

«የቁልምጫ ስም ነው» አለ። «እኛ ሰፈር ስንቷ እናት ልጇን እንዲህ ትጠራለች።»

መርማሪው ወደኔ ዞረ። የማን እንደሆነ ከነገርኩት አሁኑኑ ቤቴ እንደምገባ፣ ካልነገርኩት እዚያው እንደምቆይ ነገረኝ። ያ ሽማግሌ ለእኛ ሲል እንጀራውን አስይዞ ሳለ እኔ ልለማመጥ? አፈርኩ። ወገቤን አቀናሁ።

«እንግዲያው እዚሁ አድራለሁ» አልኩት።

ሁለት ሌሊት አደርኩ። ውሃ የሚያመጣልኝ ያው ዘብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለቀቁኝ።

እህቴ አገልግሎቷን በሰላም ጨረሰች። የዚያን ቀን ነገር እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እኔና ሰውየውም አንስተነው አናውቅም። ዛሬም ደረጃው ላይ ሲያገኛት በዚያው ስም ይጠራታል፤ እሷም «አቤት ጋሼ» ትላለች። እኔ ግን ያ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ፣ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ማን ሰማ ብዬ ዞር ዞር እላለሁ።