ቆማ የምትከስር መኪና

ከሶዶ በወጣሁበት ምሽት ሻንጣዬን እስከ ሚኒባሱ የተሸከመልኝ ማርቆስ ነው። ዝንጅብል አብረን እንነግድ ነበር፤ ተበላ በምትባል ከተማ ገበያ እሱ ይመዝናል፣ እኔ እከራከራለሁ። "አንተ ሂድ፤ የቀረውን ዝንጅብል እኔ እጨርሳለሁ" አለኝ። ያን ምሽት ያዘንኩት ለሱ ነበር።

ጆሃንስበርግ ገብቼ ብርድ ልብስ እያዞርኩ ሸጥኩ። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ ቅቤ የሚባል አይነካውም፣ እነሱም አያፍሩበትም። ሦስት ዓመት በላሁት። ሐሳቤ አንድ ነው፦ እዚህ መኪና ገዝቼ፣ ነድቼ፣ አትርፌ ልሸጥና ሶዶ ገብቼ የቤት መኪና ልገዛ። ያለዚያ ባዶ እጄን አልመለስም።

መኪና ሻጩ ጋ ሄድኩ። የአዲሷን ዋጋ ጠየቅኩ፣ ራሴን ያዝኩ። አጠገቧ የቆመችው ያችው ዓይነት፣ ስድስት ዓመት የሠራች፣ ግማሿን እንኳ አታወጣም።

"ዩዝድ ናት" አለኝ፣ ያገለገለች በመሆኗ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

ሃያ ዓመት የተነዳች መኪና ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ሶዶ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ሞኝ መሰለኝ።

"ሁለት ዓመት ነድቼ ባመጣት በስንት ትወስዳታለህ?"

"በግማሽ፣ ማይ ፍሬንድ።"

ዋጋ ሊያወርድብኝ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ገዛኋት።

በሁለት ዓመቷ መለስኳት። ዞራትና ግማሹንም አልሞላልኝም።

"በሩ ተጭሯል።"

"ስትሸጥልኝም ተጭሮ ነበር እኮ።"

"ያኔ የምሸጠው እኔ ነበርኩ።"

ሳልሸጣት ይዣት ተመለስኩ። ነጋዴ ነው፤ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ማርቆስን ነው። ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ሐኪም መኪና ገዝቷል፤ ከኔዋ ጋር አንድ ዓይነት፣ በዕድሜ ግን ታላቋ። ደላሎች ከገዛበት በላይ እየጠሩለት "አልሸጥም" ይላል አሉ። የሱ በር ላይ ቆማ ታተርፋለች፤ የኔ ቆማ ትከስራለች።

እሁድ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"አሁን ከቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ማርቆስ ነው ያመጣኝ፤ ይኸው አጠገቤ ነው።"

"የት አስቀመጠሽ?"

"ከፊት ነዋ። ሚስቱን ከኋላ አድርጎ።"

"የኔ መኪና ከሱ አዲስ ናት፣ እማዬ።"

"እሱማ ትሆናለች ልጄ። የሱ ግን እዚህ አለች።"

ስልኩን ስጪው አልኳት። እግዜር ይስጥልኝ ልለው ነበር። ድምፁን ስሰማ ግን ደላሎቹ ስንት እንደጠሩለት ጠየቅኩት።