ከጓዳ የተሰማ የባቄላ ድምፅ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ዘለቀ የበረደ የኮርማ ዘር የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ኮንቴይነር አሸክመውኝ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ወዳለ ገበሬ ግቢ ሄድን። የከብት አዳቃይ ቴክኒሽያን ሆኜ መቀጠሬ ነበር። የበረደውን የኮርማ ዘር ለብ ባለ ውሃ ማቅለጥ፣ ጠዋት ኮርማ የፈለገችን ላም ማታ ማዳቀል፤ ይህን ሁሉ ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። እሳቸው ግን ጓንት ሳያጠልቁ በፊት ገበሬውን ስለ ላሟ እናትና አያት ይጠይቁት ጀመር። ሰውየውም አንዷ ጡቷን እንደሚያማት፣ ሌላዋ እንደምትራገጥ ሳይደብቅ ዘረዘረ።

ስንመለስ አቶ ዘለቀ፣ "ገበሬን ላሙን በኮርማ ሊያስጠቃ ሲል ጠይቀው፣ እውነቱን ይነግርሃል። ገበያ ሲያወጣት ግን አትድከም" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ከቡሬ እስከ ሽንዲ በሞተር ሳይክል ዞርኩ። ሰው "ባለ ሞተሩ ኮርማ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። የተወለደ ጥጃ ቅር ካሰኘኝ የኮርማውን ቁጥር አይቼ በዚያ ኮርማ ዳግም አልሠራም። ነገር ሁሉ የመጣበት የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር።

አግብቼ ይበልጣል የሚባል ወንድ ልጅ ወለድን። ሦስት ዓመት ሞልቶትም ሲጠሩት አይዞርም። የጀማመራቸውን ቃላትም ተዋቸው። ወፍጮ ሲነሣ ግንባሩን ከግድግዳ ያጋጫል። ጠበል ወሰድነው፤ ቆይተንም አዲስ አበባ አስመረመርነው። ሐኪሟ ኦቲዝም ነው አለችን። ከምን መጣ ብዬ ስጠይቃት፣ "በዘር የሚወረስ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ከአንዳችሁ፣ ከሁለታችሁም፣ ወይም በእሱ የጀመረ ሊሆን ይችላል፤ ለይቶ የሚነግረን ምርመራ እዚህ የለንም። የማንም ጥፋት ግን አይደለም" አለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት 'በዘር' የሚለውን ብቻ ነው። ቡሬ ሄጄ የባለቤቴን የየሺን ዘመዶች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ምንም አላገኘሁም። የሺ በመጨረሻ መረራት።

"የእኔን ወገን እንደ ጊደር አገላብጠህ አየኸው። የአንተንስ?" አለችኝ።

አዴት ስላደግሁ፣ ሥራዬ ሽንዲ ቢያደርሰኝም፣ ከዚያ ካሉት ዘመዶቼ ጋር የምገናኘው ለልቅሶና ለሰርግ ብቻ ነበር። አክስቴ እትዬ ስንዱ ዘራችንን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ከእሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ቢያድግልኝ የሚባለው የበኩር ልጃቸው በሕፃንነቱ ሞተ ሲባል ሰምቼ ነበር። ታናሺቱ እማዋይሽ ደጅ እህል ታሰጣለች።

"እትዬ፣ ከእኛ ወገን አፉን ያልፈታ፣ ከሰው የማይገጥም ነበር?" አልኳቸው።

"ምነው ልጄ፣ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ተሰምቶም አያውቅ" አሉና ጠላ ቀዱልኝ።

ከጓዳ ባቄላ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲንቆረቆር ይሰማል። እህል የሚለቅም ሰው አለ ብዬ ጠላዬን ጠጣሁ፤ አመስግኜም ወጣሁ።

ዓመታት አለፉ። እማዋይሽ ከተዳረች በኋላ እትዬ ስንዱ ዓይናቸውን ሊታከሙ ፍኖተ ሰላም መጥተው እኛ ቤት አረፉ። አንድ ቀን የጎረቤት ወፍጮ ተነሣና ይበልጣል ጮኸ። የሺ "እሺ የኔ ጌታ፣ አለፈ" እያለች ልታቅፈው ስትል እትዬ እጇን ያዟት።

"አትናገሪው። ፊቱንም አትዪው" አሉ።

ጋቢያቸውን አጣጥፈው ትከሻው ላይ ጫኑበት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡና ከሰፌዱ ባቄላ እየዘገኑ ወደ ሳህን ያንቆረቁሩ ጀመር። ልጁ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ቆይቶ ተጠጋቸውና እጁን ባቄላው ውስጥ ከተተ። ወፍጮው እየሠራ እንዲህ ሲረጋ አይተነው አናውቅም።

"እትዬ፣ ይህን ማን አሳየዎት?" አልኳቸው።

ማንቆርቆሩን አላቆሙም። "ቢያድግልኝ" አሉ።

"ቢያድግልኝ በሕፃንነቱ ሞቶ የለም እንዴ?"

"ያን ጊዜ አንተ ስትመጣ ጓዳ ነበር። ለእማዋይሽ ሽማግሌ የሚላክበት ሰሞን ነው። በዘራችሁ ምን አለ እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ አንተም ያንኑ ይዘህ መጣህ። እንዴት ብዬ ላውጣው?" ሌላ እፍኝ ባቄላ ዘግነው፣ "በዓመቱ ዐረፈ፤ ዘመድ ሳንጠራ ቀበርነው" አሉኝ።

የሺ ተነሥታ ወጣች። እኔ ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

አንድ ዘመድ ተገኘ ማለት ምክንያቱ ታወቀ ማለት እንዳልሆነ ሐኪሟ ነግራኛለች። የሚቆጨኝም እሱ አይደለም። ወንድሜን ቢያድግልኝን አንድም ቀን አላየሁትም፤ አጠገቡ ተቀምጬ ተነሥቼ ሄድኩ። እናቱ የሚያውቁትን ማረጋጊያ ልጄ በሕፃንነቱ ሊያገኘው ሲችል ጎርምሶ አገኘው።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ጀማሪ ቴክኒሽያን ሲጠይቀኝ የአቶ ዘለቀን ቃል እደግምለታለሁ፤ ገበያ የወጣ ሰው እውነቱን አይናገርም። የይበልጣል ታናሽ እኅት ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ሽማግሌ የመጣ ዕለት ይበልጣል ሳሎን፣ ከእኔ ጎን ይቀመጣል።