ልጄ እንድትወድቅ የጠበቅሁበት ሳምንት

ልጄ መውደቅ የጀመረችው ስድስተኛ ክፍል እያለች ነው። ቆማ እያወራች ፊቷ አመድ ይመስልና እግሯ ይከዳታል። ትንሽ ቆይታ በላብ ተነክራ ዓይኗን ትገልጣለች፤ ምን እንደሆነች አታውቅም። አንዴ ቦሌ አራብሳ የምንኖርበት ብሎክ ደረጃ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተሰፋ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትወርድ እኔ አራተኛ ፎቅ በር ላይ ቆሜ፣ ታች ደርሳ “እማ” ብላ እስክትጠራኝ አልተነፍስም።

ሆስፒታል ወስጃት ልቧ ተመረመረ። ደህና ነው ተባለ። እንደገና ወደቀች፣ እንደገና ወሰድኳት፣ አሁንም ደህና ነው ተባለ። በመጨረሻ ሐኪሟ፣ “ልቧን ማየት ያለብን በምትወድቅበት ሰዓት ነው” አለችና ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ላከችን።

እዚያ ያለው ወጣት ቴክኒሻን የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ አወጣ። ከእሷ የሚወጡት ገመዶች ጫፋቸው ላይ ጠቅ ብሎ የሚገጥም ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ የሚገጥመው ደረት ላይ በሚለጠፍ ክብ ነገር ላይ ነው። ኤሌክትሮድ ይሉታል። መሃሉ ጄል የጠጣ ስፖንጅ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ ማጣበቂያ። ቴክኒሻኑ በእስክሪብቶ ደረቷ ላይ ምልክት እያደረገ ለጠፈላትና መሣሪያዋን ወገቧ ላይ አንጠለጠለ።

“ለአንድ ሳምንት አታውልቀው። ይቺ መብራት አረንጓዴ ከሆነች የልቧን ምት እየጻፈ ነው። ቀይ ከሆነች አንዱ ቆዳዋን ለቋል ማለት ነው፤ ከዚህ መለዋወጫ አውጥተው ምልክቱ ላይ ይለጥፉ።”

“ሳምንቱን ሙሉ ባትወድቅስ?” አልኩት።

“ካልወደቀች ምንም አናይም፣ እናቴ። መሣሪያው አንድ ነው፣ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። ተራው ዞሮ እስኪደርሳችሁ ወራት ይወስዳል።”

ታክሲ ውስጥ ገብተን እስክንቀመጥ ድረስ ነገሩ በደንብ አልገባኝም ነበር። እንዳትወድቅ ስጠብቃት የኖርኩ ሰው፣ አሁን እንድትወድቅ መጠበቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ልጄ ቀለደችበት። የጎረቤት ልጆች፣ “ስልኬን ቻርጅ ላድርግብሽ?” ሲሏት፣ “በነጻ አይደለም!” እያለች ታስቃቸው ነበር። ቆዳዋ ማሳከክ ሲጀምር ግን ሳቁ ቀረ። ማጣበቂያው የነካው ቦታ ሁሉ ቀላ፤ ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ። በላዩ ላይ ሙቀቱና የሰፈራችን አቧራ አለ። ላብ ሲያረጥበው ይላቀቃል፣ መብራቷ ቀይ ትሆናለች። አዲስ ለመለጠፍ አሮጌውን ሳነሳ ቆዳዋ አብሮ ይነሳል።

“እማ፣ በቃኝ። አውልቂልኝ።”

“ትንሽ ቻይ፣ ሚጣዬ።”

“እስከ መቼ?”

“እስክትወድቂ ድረስ” ብዬ እንዴት ልንገራት?

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ቤቴ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ቁስሏን ሳጥብላት ግን አንድ ነገር አየሁ፤ የቆሰለው ማጣበቂያው ያረፈበት ዙሪያ ነው፣ ስፖንጁ ያረፈበት መሃል ደህና ነው። ማጣበቂያው የሚሠራው ስፖንጁን ቆዳዋ ላይ መያዝ ብቻ ከሆነ፣ መያዙን ጨርቅም ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከአሮጌ ቲሸርት ደረቷን የሚዞር ሰፊ ቀበቶ ቆረጥኩ፣ ለዩኒፎርም ጉርድ ከሾላ ገበያ የገዛሁትን ላስቲክ አስገባሁበት። የኤሌክትሮዱን ማጣበቂያ በመቀስ ዙሪያውን አነሳሁና መሃሉን ብቻ በውስጥ በኩል ምልክቱ ባለበት ቦታ ሰፋሁት።

ቀበቶውን አስሬላት ገመዶቹን ስገጥም መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። እዚያው የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ቀይ ሆነች። ስፖንጁ ደርቋል። እሱን ለመቀየር ደግሞ ቀበቶውን ፈትቼ፣ ክሩን ተርትሬ፣ እንደገና መስፋት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ልጄ ያለ መሣሪያ ተቀምጣለች። አሁን ብትወድቅስ እያልኩ ስቸኩል መርፌው እጄን ወጋኝ። ልጄ ቀበቶውን ፎቶ አንስታ ለቴክኒሻኑ በቴሌግራም እንድትልክለት አደረግሁ። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን አይሆንም እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር። በድምፅ መልእክት መለሰልኝ።

“እናቴ፣ ሐሳቡ ደህና ነው። ግን ሲደርቅ እንዲህ አይሆንም። ቆዳ የሚነካውን ብቻ ለብቻው አውጥተው የሚቀይሩበት መንገድ ይፈልጉ። አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ መጻፋቸውን አያቆሙም፤ ሁሉንም አንድ ላይ እንዳያወጡ ብቻ። አጥብቀው ደግሞ አይሰሩት፣ መተንፈስ አለባት።”

እንዳለኝ አደረግሁ። በየምልክቱ ላይ ከውጭ በኩል የሚከፈት ትንሽ ኪስ ሠራሁ። የደረቀውን ስቦ ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት፣ ክዳኑን መቆለፍ። ቀበቶው ሳይፈታ፣ አንድ በአንድ። ልጄ ራሷ ሞክራው፣ “እንደ ስልክ ባትሪ!” አለች። ቁስሏም መድረቅ ጀመረ።

ግን አልወደቀችም።

የኅብረታችን እህቶች ሊጸልዩላት መጡ። ከበቧት፣ እጃቸውን ጫኑባት። እኔ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ የአንዷ እጅ ከትከሻዋ ወደ ደረቷ እየወረደ ስለነበር ቀስ ብዬ ያዝኩት።

“ጌታ ሆይ፣ ይቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አትወድቅም!” አለች የምትመራው እህት።

“አሜን!” ቤቱ ተናጋ።

“ሁለተኛ አትወድቅም!”

“አሜን!”

እኔ አፌ አልከፈት አለኝ። ስንጨርስ ያቺ እህት ወደ ኩሽና ተከትላኝ መጣች።

“አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ለገዛ ልጅሽ አሜን አትዪም?”

“ሳምንቱ ሲያልቅ እላለሁ” አልኳት።

ያበድኩ መስሏት ይሆናል። ልጄ ግን በሩ ጋ ቆማ ነበር። መስማቷን ያወቅሁት ኋላ ነው።

መሣሪያው የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። መብራቷ አረንጓዴ ናት፤ ልጄ ደህና ናት፣ መንገዱን ሁሉ ታወራለች። በደህንነቷ እንደዚያ ቀን ከፍቶኝ አያውቅም። ጎሮ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሙቀቱ አፈናት። መብራቷ ቀይ ሆነች። የቀረኝ አንድ ስፖንጅ ነበር። ኪሱን ከፍቼ የደረቀውን ሳብኩ፣ አዲሱን እያስገባሁ ሳለ ወሬዋ መሃል ላይ ተቋረጠ። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ስፖንጁን በአውራ ጣቴ ገፍቼ ያዝኩት። ፊቷን አላየሁም። መብራቷን ነው ያየሁት። አረንጓዴ ሆነች።

“ልጅቷ ወደቀች! ክብሪት! ክብሪት አሽትቷት!” አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ።

“መስኮት ክፈቱ! የታሰረችበትን ፍቱላት፣ ታፍና እኮ ነው!” አንዲት ሴት እጇን ወደ ቀበቶው ሰደደች።

“አትንኪያት!” ብዬ ጮህኩባት።

“ምን አይነት እናት ናት!” አለች ሴትየዋ።

ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ነጥቷል። መጀመሪያ የፈለገችው ወገቧ ላይ ያለችውን መብራት ነበር።

“እማ፣ ጻፈ?”

“ጻፈ፣ የኔ እናት። ጻፈ።”

“እሺ፣ አሁን አሜን በዪ” አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ቴክኒሻኑ ወረቀቱን አሳየኝ። የልቧ መስመር እየተራመደ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ዝርግ ይሆናል። ከዚያ ተመልሶ ይነሳል። ዝርጉ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ “እዚህ ጋ ቆሞ ነበር” አለኝ። እኔ ያኔ መብራት እያየሁ ነበር።

ሐኪሟ ልብ የሚያስመታ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ መግባት እንዳለበት ነገረችን።

“እሱስ ይለጠፋል?” አለች ልጄ።

“አይለጠፍም። እሱ ከቆዳ ስር ነው የሚቀመጠው።”

እስካሁን ተራ እየጠበቅን ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሆስፒታሉ ይመስለኛል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ አብሬያት እወርዳለሁ፤ እኔ ከፊቷ፣ ጀርባዬን ለደረጃው ሰጥቼ፣ በአንድ እጄ የደረጃውን ብረት ይዤ። “እማ፣ ሰው እያየን ነው እኮ” ትለኛለች። ሰው ይየን። መብራቷ አሁን የለችም፣ እኔም ፊቷን እያየሁ እወርዳለሁ።