ከኤም በኋላ የመጣ ቃል

ይህ የሆነው ጣሊያን ከጎንደር በወጣ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ዓመት ነው። መስቀል አልፎ ነበር። ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያን ቀን ግን አልረሳውም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የማላውቀው ነገር የገጠመኝ ያን ቀን ነውና።

እንግሊዝኛ ማንም አላስተማረኝም። አራት ዓመት ቅኔ ቤት ከቆየሁ በኋላ፣ ቅዳሜ ገበያ አንድ ባለሱቅ ዘንድ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ። ሰውየው ገጹን እየቀደደ በርበሬ ይጠቀልልበት ነበር። ከኋላ ጀምሮ ስለ ቀደደው እኔ ስደርስ የተረፈው ከኤ እስከ ኤም ያለው ብቻ ነው። እሱን በሁለት ክረምት በቃሌ ያዝኩት። «የስ» እና «ኖ»ን የመሳሰሉትን ደግሞ ከእንግሊዝ ወታደሮች አፍ ለቅሜ ነበር። ሳልኩራራ ልናገርና፣ ከኤ እስከ ኤም ድረስ በበጌምድር እኔን የሚያክል ሰው አልነበረም።

በዚያ ጊዜ ልቤ ውቢት የምትባል ልጅ ላይ ነበር። አንድ የአይከል ነጋዴም ሽማግሌ ልኮባታል። ወደ ዛሪማ የሚወርደውን መንገድ የሚያስጠግን ፈረንጅ መሐንዲስ አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል፣ ወደ አባቷ ወደ አያ ተገኘ ሄጄ «ያ ሥራ የእኔ ነው» አልኳቸው።

«ፈረንጁ ከቀጠረህ ልጄን ውሰድ» አሉኝ። «ካልቀጠረህ እሑድ ለአይከሉ ሰው ቃሌን እሰጣለሁ። ሸጋ ሰው ነው። ብዙ አያወራም፤ በቅሎ ግን አለው።»

በፈተናው ቀን ጣሊያን የሠራው ቤት በረንዳ ላይ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። ሌላው አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ክራባት ያሰረ ወጣት ነው።

«እንግሊዝኛ ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«እኔው ራሴ።»

«ተማሪው አሳዘነኝ» አለና ጫማውን በመሐረብ ጠረገ።

ፈታኞቹ መሐንዲሱና አያ ኢብራሂም ናቸው። አያ ኢብራሂም ከሱዳን ጋር ሲነግዱ እንግሊዝኛ የለመዱ የጎንደር ነጋዴ ናቸው። እሳቸው አስተርጓሚነቱን ትተው ወደ ንግዳቸው ሊመለሱ ስለ ሆነ ነው ቦታው የተከፈተው።

ክራባታሙ ገብቶ ፈጥኖ ወጣ። ቀጥሎ እኔ ገባሁ። መሐንዲሱ «ብሪጅ» አለ፤ መለስኩ። «ዴንጀር» አለ፤ መለስኩ። «ሀመር»፣ «ሌበር»፣ ሁሉንም አንበለበልኩት። በሆዴ፣ ይህ ሰው የእኔን መዝገበ ቃላት አይቶ ነው የመጣው እላለሁ። ከዚያ «ፖንደር» አለ።

በፒ የሚጀምር ነው፤ ያ ገጽ በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

አያ ኢብራሂም በአማርኛ አስረዱኝ። ዳባት አጠገብ መንገዱ በቤተ ክርስቲያን ዛፎች በኩል ማለፍ አለበት። መሐንዲሱም የአገሩን ሽማግሎች በዚህ ቃል ለምኗቸዋል። «እኔ ‹አስቡ› ብዬ ተረጎምኩት» አሉ። «እነሱም እዚያው በቆሙበት ‹አስበናል፤ አይሆንም› አሉን። ፈረንጁ ቃሉ እንዲህ የሚቸኩል አይደለም ይላል። ያ ክራባታሙም ‹አስቡ› ነው ያለው። አንተስ?»

«ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ» ብዬ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ልጠፋ ነበር። መውጫው ግን በክራባታሙ ፊት ነው። ላቤን እንዳያይብኝ ከግቢው ወይራ ሥር ሄጄ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩና ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ተቀመጥኩ። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። በእኛ አገር እንዲህ የተቀመጠን ሰው ማንም አያናግረውም፤ ውሃ ቀጂ እንኳ ዙራ ታልፈዋለች። አራት ዓመት የለመድኩት ነገር ስለ ሆነ ገላዬ በራሱ እንደዚያ ተቀመጠ።

ቅኔ ግን አልቆጠርኩም። ይታየኝ የነበረው እሑድ ነው፤ ውቢት በበቅሎ ወደ አይከል ስትሄድ።

ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም። የቡት ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ፈረንጁ «ኢል» የሚል ቃል ተናገረ። ከኤም በፊት ስለ ሆነ አወቅሁት፤ ታሟል ወይ ማለቱ ነው። አያ ኢብራሂም ስለ ቅኔ ቆጣሪ አቀማመጥ ይመስላል፣ ረጅም ነገር መለሱለት። በነጠላዬ ጠርዝ አጮልቄ ሳይ ፈረንጁ ባርኔጣውን አውልቋል። ወደ እኔ እያመለከተ፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚናገር ሰው በቀስታ «ፖንደር» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሳልቸኩል ተነሣሁ።

«አያ ኢብራሂም» አልኩ፣ «እንዲህ ያለ ቃል በአፍ ቢነግሩት አይበቃም፤ ሠርቼ ላሳየው ብዬ ነው። ይንገሩልኝ።»

አያ ኢብራሂም ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ዓይን አውጣ» አሉኝ በአማርኛ። «ምነው ብነግርብህ?» ግን ዞረው ያልኩትን ተረጎሙ። ከራሳቸው ጨምረውበታል መሰለኝ፣ ፈረንጁ እጄን ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ።

በሳምንቱ ዳባት ሄድን። ለሽማግሎቹ «አስቡ» አላልኳቸውም። «ቅኔ እንደሚቆጥር ሰው ለየብቻችሁ ያዙት» አልኳቸው። ተነሥተው ለየብቻቸው ሄዱ። ፈረንጁ በማግሥቱ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ እነሱ የመጡት ወር ሊሞላ ሲል ነው። ሁለት ዛፍ ፈቀዱ። እንዲህ ያለ ትርጉም እንግሊዝ አገር ቢሄዱም አይገኝም።

ውቢትን በጥር አገባኋት። ነገሩን የነገርኳት ከሁለተኛው ልጅ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ መመለሻ የላትም። ክራባታሙ ከእኔ የተሻለ ሥራ እንዳገኘ ሰምቻለሁ፤ እሰየው ብያለሁ።

ዛሬ ልጆቼ «አባባ፣ ማታለል እኮ ነው» ይሉኛል። ፈልጌ ፈልጌ ጸጸት አጣሁ። ቢሆንም ባለፈው ዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሰባት ስግደት አዘዙኝ። እፊታቸው ሰገድኩ። ሰባተኛው ላይ ሳቄ ስላመለጠኝ ስምንተኛ ጨመሩብኝ።