የወንድሜን ስም ለልጄ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና፣ የበኩር ልጄ ክርስትና ሊነሳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ ስነዳ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን ልቤ ውስጥ የቀረ የለም። እስካሁን በገበያው በኩል ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ሳላስበው ፍሬን ላይ ያርፋል።

ልጄ ሲወለድ የስም ነገር ቤታችንን አንድ ሰሞን አመሰው። የባለቤቴ እህት ከስልኳ ላይ እያነበበች ናታን፣ ኤልያብ፣ ዮናታን ትላለች። ስሞቹ ክፉ አይደሉም። ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ የምውል ሰው ነኝ፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ አንዷ እናት «ናታን» ብላ ስትጣራ ስንቱ ልጅ ዞር እንደሚል አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት ጠንካራ፣ እንደ ልብ የማይገኝ፣ ሲጠሩት አንድ ሰው ብቻ የሚዞርለት ስም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ፍለጋም አላስፈለገኝም። ስሙ እዚያው ቤታችን ነበር። አይነኩሉ።

አይነኩሉ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት አልቆዩም ነበር። እሱም ከስቶ፣ ሰልሎ ሲወለድ እናቴ ምንም ነገር እንዳይነካው ብላ ያን የሚያህል ስም አወጣችለት። ካደገ በኋላ አዲስ ሰው በተዋወቀ ቁጥር በስሙ ይገረሙበታል፤ እሱም «ስሙ ከእኔ ቀድሞ ነው ያደገው፣ እኔ ገና እየተከተልኩት ነው» ይላል። እኛ ቀልዱ ሰልችቶን ነበር። ዛሬ አንድ ጊዜ ለመስማት የማልሰጠው ነገር የለም።

ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ እንደወረደ ጦርነቱ መጣ። መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ሲከፈት እሱ አልመጣም። አየሁት የሚል ሰው አጣን፣ ሞተ የሚልም አጣን። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። የነፍስ አባታችን ወደ ቤት መጥተው ሲጸልዩ የክርስትና ስሙን ከሞቱት ጋር እንዳያነሱት አጠገባቸው ቆማ ትሰማለች።

አንድ ጠዋት እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ፀሐይ ስታሞቀው አጠገቧ ተቀምጬ ሐሳቤን ነገርኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ተለዋወጠ። ሕፃኑን መልሳ አስታቀፈችኝና፣

«የወንድምህን ተዝካር በልጅህ ልታወጣ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ እማ፣ እንደሱ አይደለም። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«የሚጠፋው የሞተ ሰው ስም ነው። እሱ ሲመጣ ምን ብለን ልንጠራው ነው? አንተ ስትዘገይ ስምህን ለሌላ ሰጠነው እንበለው?»

በእኛ ዘንድ በሕይወት ያለ የቤት ሰው ስም ለልጅ አይሰጥም፤ ከተሰጠ ሰውየው የለም ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ልቤ ሳይነግረኝ ተስፋ ቆርጦ ኖሯል፤ እሷ ከእኔ በፊት አየችብኝ።

ከዚያ በኋላ ልጁ ማሙሽ እየተባለ ከረመ። ባለቤቴ «እምዬ፣ እንግዲያው እርስዎ ያውጡለት» ብትላትም «ይደርሳል» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም።

ክርስትናው ሲቃረብ፣ በገበያ ቀን፣ ጌሾና በርበሬ ልንገዛ እናቴን በባጃጄ ይዤ ወጣሁ። ገበያው አፍ ላይ ፍየል መንገዱን ዘግቶት ቆምን። ያኔ በግራ በኩል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«አይነኩሉ፣ ና ከመንገዱ ውጣ!»

እናቴ እንዴት እንደወረደች አላየሁም። ጉልበቷን ስለሚያማት ሁልጊዜ የማወርዳት ደግፌ ነው። ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ሮጬ ስደርስ የአንዲት ማር ሻጭ ክንድ ጨብጣ ቆማለች። «ማንን ነው የጠራሽው?» ትላታለች። ሴትየዋ ደንግጣ ስታያት በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ደገመችላት።

«ልጄን ነው እማማ። ምን ሆነው ነው?» አለች ሴትየዋ፣ ቀሚሷን ይዞ የቆመውን ትንሽ ልጅ እያሳየች።

እናቴ ልጁን አየችው። ክንዷን ለቀቀችና እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። በአንድ አፍታ ያረጀች መሰለኝ። ምን ብዬ እንደማጽናናት ስለጠፋኝ ወደ ሴትየዋ ዞሬ፣ ለነገሩ ያህል፣ «እንዲህ ያለውን ስም ከየት አገኛችሁት?» አልኳት።

ሴትየዋ ከጽጽቃ በኩል ናት። በዚያ ክፉ ጊዜ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት፣ ሰው ተበትኖ ስለነበር ተሸካሚ አንሶ፣ ያሉትም ደክመው ነበር። ከተከዜ በኩል በእግሩ የመጣ አንድ መንገደኛ ደረሰባቸው። ማንም ሳይለምነው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ያን ዳገት ሳይቀየር ወጣው። ልጁ በሰላም ተወልዶ ባሏ ምስጋና ሊያቀርብለት ሲል የሰውየውን ስም ጠየቀው።

«አይነኩሉ ሲለን ጊዜ በዚያ ጭንቅ መሐል ሳቅን» አለች። «እሱም ስሙ ከእኔ ቀድሞ ነው ያደገው፣ እኔ ገና እየተከተልኩት ነው ብሎ አሳቀን።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«ወዴት ሄደ?»

«እናቴ ሰቆጣ ናት፣ ወደ እሷ ነኝ አለ። መንገዱ ተዘግቷል አሉት። እንግዲያው በታች በኩል ዞሬ እሞክራለሁ ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።» ከዚያ የልጇን ራስ እየነካካች፣ «እኛ ቤት ይሄ ትንሹ አይነኩሉ ነው እማማ። ትልቁ እሱ ነው። አንድ ቀን በደጃችን ቢያልፍ ስሜን ወሰዱብኝ ብሎ እንዳይቀየመን» አለች።

እናቴ ልጁን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታሪኩን ደጋግማ አስነገረቻት። ቁመቱን ጠየቀቻት፣ ጫማ አድርጎ እንደሆን ጠየቀቻት፣ እህል ቀምሶ መሄዱን ጠየቀቻት። ቀምሷል። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለክርስትናውም እንድትመጣ አስማለቻት። ጌሾውንም በርበሬውንም ረስተን ተመለስን። መንገድ ላይ «ወደ እኔ እየመጣ ነበር» አለች።

እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ያኔ የተወለደው ልጅ ዛሬ በእግሩ ይሮጣል። ከጽጽቃ ሰቆጣ፣ ሰው ቢዞርም፣ ቢደበቅም፣ ይህን ያህል ዘመን አይፈጅበትም። ይህን አልነገርኳትም። እሷም ሳታስበው ቀርታ አይመስለኝም።

የክርስትናው ዕለት ከቤተክርስቲያን ስንመለስ እንግዶቹ «መጠሪያውስ ማን ተባለ?» አሉ። ባለቤቴ እኔን አየች፣ እኔ እናቴን አየሁ። እናቴ ሕፃኑን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ትንሹ አይነኩሉ» አለች። «ትልቁ ሲመጣ ሁለት ትንንሾች ይቀበሉታል።»

ማር ሻጯ በሩ አጠገብ ነበረች። እልልታውን የጀመረችው እሷ ናት።

ልጄ አሁን መሄድ ጀምሯል። እናቴ ስሙን ማንም እንዲያሳጥርበት አትፈቅድም። አንዳንዴ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ዘንግቼ «አይነኩሉ» እላለሁ። ሲጠሩት አንድ ሰው ብቻ የሚዞርለት ስም ነበር የፈለግኩት፤ እኛ ቤት ግን ሁለት ሰው ይዞራል። ልጄ ወደ እኔ፣ እናቴ ወደ በሩ። በሩ ላይ ማንም እንደሌለ ካየች በኋላ፣

«ትንሹ በል እንጂ» ትለኛለች።

እላለሁ። ወንድሜ በጣም ይናፍቀኛል፤ መምጣቱን ግን እንጃ። ቢሆንም ያቺን ቃል መጨመር አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም። ትንሹ የሚባል ካለ ትልቁም የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው።