ሳትጠየቅ የተቀየረባት ማርሽ

ልጅ ሳለሁ ታቦር ሰፈራችን ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር አክስቴ ማርታ ሳይክሏን በረንዳ ላይ ታወጣና ገልብጣ በመቀመጫው ታቆመው ነበር። እኔና ታናሽ እህቴ ከከሰል ምድጃው አጠገብ በቆሎ እየጠበስን እንቀመጣለን፤ እሷ በኩራዙ ብርሃን የኋላውን ማርሽ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ጭሱና ጋዙ ተደባልቆ አፍንጫችንን ይሰነፍጠዋል፣ ወሬውም ይጀመራል። ያኔ የጎረቤት ልጆች የጅብና የጦጣ ተረት ይነገራቸዋል። ለእኛ የሚነገረን አክስቴ በወጣትነቷ የተወዳደረችው የአንድ እሁድ ውድድር ነበር፤ ያንኑ፣ ደጋግማ፣ እየሳቀች።

መነሻውም መድረሻውም ባህል አዳራሽ ነበር፤ በመሃል ከተማ አልፎ፣ ሐይቁን ተጠግቶ፣ ስምንት ዙር። ሀዋሳ ሜዳ ናት። ዳገት ከተባለ ታቦር ነው፣ ውድድሩ ደግሞ ወደ ታቦር ዝር አይልም። የሚፈትነው ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ብቻ ነው። አክስቴም ለዚያ ነፋስ ብላ የኋላ ማርሿን ራሷ መርጣ ነበር፤ ስድስት ተደራራቢ ክቦች፣ ትንሹ ባለ አሥራ ሦስት ጥርስ፣ ቀጣዩ አሥራ አራት፣ እንዲህ እየተጠጋጋ እስከ አሥራ ስምንት። «ነፋሱ ሲበረታ አንድ ጥርስ ትጨምሪያለሽ፣ ሲለግም አንድ ትቀንሻለሽ፤ እግርሽ ግን ምቱን አይስትም» ትለንና ፔዳሉን በእጃችን ታስዞረናለች።

በዋዜማው የክለቡ ሳይክል ሠሪ ሳይጠይቃት ያንን ማርሽ ፈታው። በምትኩ ያሰረላት አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ አንድ እያለ የሚዘል፣ ትልቁ ክብ ሳህን የሚያህል ማርሽ ነበር። «ሴት ናት፣ ይከብዳታል» ብሎ። የነገራት ጠዋት መነሻው መስመር ላይ ነው። ነፋሱ ውስጥ ስትገባ አንዱ ክብ እግሯን በባዶ ያሽከረክረዋል፣ ቀጣዩ ግድግዳ እንደመግፋት ይከብዳታል፤ መሃል የሚባል ነገር የለውም። ስትመራ ቆይታ በመጨረሻው ዙር አራት ልጆች አለፏት።

«ታዲያ ምን አልሽው?» እንላታለን።

«ምን እላለሁ? ለእኔው አስቦ ነው» ብላ ትስቃለች። እኔ ግን እበግን ነበር። ሳቋ ራሱ ያበግነኝ ነበር።

ሳይክሉ ዛሬ የእኔ ነው፤ አክስቴ ጉልበቷን ሲያማት፣ ከውድድሩ በኋላ መልሳ ካሳሰረቻቸው ከነዚያ ስድስት ክቦች ጋር ሰጠችኝ። ዘንድሮ የፍሬኑ ሽቦ ተበጠሰና መሃል ከተማ ላለ ሳይክል ሠሪ ሰጠሁት። ከሥራ ስወጣ ብመለስ ፍሬኑ ተሠርቷል፤ የኋላ ጎማው ላይ ግን ሳህን የሚያህል አዲስ ማርሽ ያብረቀርቃል።

«የድሮው በጣም ተጠጋግቷል» አለኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብሎ። «ለታቦር ዳገት አይሆንሽም። ለሴት ይከብዳል።»

የታቦርን ዳገት ስንት ዓመት ከመቀመጫዬ ተነስቼ እየረገጥኩ ወጥቼዋለሁ! የድሮውን የት አደረስከው ብዬ ስጠይቀው ቁርጥራጭ ብረት ወደሞላበት ጣሳ ጠቆመኝ። ነገ ቆራሌው ይወስደዋል። ከንዴቴ የተነሳ የድሮውን እዚያው ትቼ ሳይክሌን ይዤ ወጣሁ፤ ቤት እስክደርስም አንዴ እግሬ በባዶ እየተሽከረከረ፣ አንዴ እየተያዘ፣ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት።

ለአክስቴ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አዲሱን ማርሽ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ሹራቧን ደረበች፣ «ባጃጅ ጥሪ» አለችኝ። ጎማውን ፈትተን ጭናችን ላይ ይዘነው ወረድን። ሰውየው ሊዘጋ ሲል ደረስን።

«ጠይቀሃታል?» አለችው።

«ለእሷ ብዬ እኮ ነው እናቴ፣ እንዲቀልላት።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ከመፍታትህ በፊት ጠይቀሃታል ወይ?»

«ኧረ... አልጠየቅኳትም።»

«እንግዲያው ፍታና የእሷን መልስላት!» ጎማውን ፊቱ አስቀመጠችው። «እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። ዳገት በሌለበት መንገድ ላይ ዳገት ሠርቶልኝ ሄደ። እኔ ደግሞ አመሰገንኩት!»

ሰውየው የኋለኛው ንግግሯ አልገባውም፤ ቢሆንም ጣሳውን ገልብጦ ማርሹን አወጣው። አስሮ እስኪጨርስ አክስቴ በሚያማት ጉልበቷ ቆማ ጠበቀች። ወንበር ቢሰጣት እንቢ አለች።

ከልጅነቴ ምሽቶች ብዙው ደብዝዞብኛል። ያኔ አክስቴ የክለቡን ሳይክል ሠሪ ይቅር ብላ የምታወራልን ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለካ ያን ሁሉ ዓመት ክስ ስታሰማ ኖራለች። ለክሷ ያገኘችው ሰሚ ሁለት ሕፃናት ብቻ መሆናችን ዛሬም ያንገበግበኛል።