ለፊዚክስ መምህራችን የሞላነው ቅጽ

ከአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተና ስንወጣ መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። «አምስተኛውን ጥያቄ ሁለቴ ገለበጥኩት፤ ሌላ የምጽፈው አጣሁ» አለ። አጠገቡ አንዲት ልጅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ሁልጊዜ በእርጋታ የሚናገረው የሰንበት ተማሪ «እግዚኦ» እያለ ግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። በሌላ ፈተና ቢሆን «ሦስተኛው ሲ ነው ዲ?» እያልን እንጣላ ነበር፤ በዚህኛው ግን የሚያጣላ መልስ ያለው ሰው አልተገኘም።

እኔ አልሳቅኩም፣ አላለቀስኩምም። ተናድጄ ነበር። ቡሬ ከተማ ቤት ተከራይቼ የምማረው አባቴ በየገበያው ቀን ከገጠር ስንቅ እያመጣልኝ ነው። ሁለቱ ታላላቆቼ አሥራ ሁለተኛን አላለፉም። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ካለ እኔ ነበርኩ፤ ለዚያ ደግሞ ፊዚክስ የግድ ነው። ያንን የተማመንኩበትን ትምህርት ነው መምህሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ገደል የከተተብኝ። ይባስ ብሎ ወረቀቴን ሲሰበስብ አየት አደረገውና «የክፍል አለቃ፣ ስምሽን ግን አልተሳሳትሽም» አለኝ። ፊት ያሉት ሰምተው ሳቁ። ለፈተናው ይቅር ልለው እችል ይሆናል፤ ለዚያች ሳቅ ግን አልችልም ነበር።

ከባሕር ዛፉ ሥር ተሰበሰብን። አንዱ «ቤቱን በድንጋይ ነው» አለ፤ ሌላው የብስክሌቱን ጎማ ልብሳ ብሎ ተነሣ።

«ተው እናንተየ» አለ የሰንበት ተማሪው፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። እኔ ነገ ቅዳሴ አለብኝ።»

«እንግዲያው ከቅዳሴ መልስ ትመጣለህ» አለው ረጅሙ ልጅ።

«ድንጋይም አያስፈልግ» አልኩ እኔ። «ከሰዓት በኋላ ቅጹን እንሞላ የለ?»

በየዓመቱ መጨረሻ ተማሪ መምህሩን የሚመዝንበት ቅጽ አለ። በሰዓቱ ይገባል? ተዘጋጅቶ ይመጣል? ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከመምህሩ የሥራ ውጤት ጋር ይደመራል። ቅጹን የሚያድለውና የሚሰበስበው የክፍል አለቃ ነው፤ ማለትም እኔ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ መምህር ይባረራል ብለን እናምን ነበር። ማን እንደነገረን አላውቅም፤ ሁላችንም ግን እርግጠኞች ነበርን።

ከሰዓት በኋላ በየወንበሩ እየዞርኩ «ሁሉም አንድ» አልኩ። የተከራከረኝ የለም። አንድ ቀን አርፍዶ የማያውቀውን ሰው «በሰዓቱ ይገባል» በሚለው ላይ እንኳ አንድ ሰጠነው። የሰንበት ተማሪው ብቻ እስክርቢቶውን ይዞ አመነታ፤ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩት፤ ሞላ። ወረቀቶቹን አስተካክዬ ለርእሰ መምህሩ አስረከብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ቀን ራት የጣመኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ደብተሬን ሳገላብጥ አምስተኛውን ጥያቄ አገኘሁት። በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ከነአሠራሩ። አስተምሮናል። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄ መናገር እችል ነበር፤ ደብተሩን ዘጋሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቱም አልለቀቅንም።

መስከረም ላይ አሥራ ሁለተኛ ገብተን አዲስ መምህር ስንጠብቅ፣ እሱው ራሱ ጠመኔውን ይዞ ገባ። ነገሩን ኋላ ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰማን፤ ለካ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ደምበጫ ዝውውር ጠይቆ ኖሯል። ዝውውር ደግሞ በነጥብ ነው፤ የጎደለው የእኛ ነጥብ ሆኖ ቀረ። ሊሄድልን የተነሣውን ሰው በገዛ እጃችን ይዘን አስቀረነው።

አሁን ይበቀለናል ብለን ፈራን። እሱ ግን ጭራሽ ለሰለሰ። በሰዓቱ ይገባል፤ ሰሌዳው ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ እንገለብጣለን፤ ሲደወል ይወጣል። ጥያቄ ስንጠይቀው «መጽሐፉ ላይ ታገኙታላችሁ» ይላል በትሕትና። ፈተናውም ከዚያው ማስታወሻ ቃል በቃል ይመጣል። ኅዳር ላይ ጥቁር ለብሶ ገባ፤ ረጅሙ ልጅ «ለፊዚክስ ሐዘን ተቀምጦ ነው» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔ ዘጠና አምስት አገኘሁ። አባቴ ካርዴን በኪሱ ይዞ ገበያ ላይ ላገኘው ሁሉ አሳየ። አንበረከክነው አልኩ በልቤ። በዓመቱ መጨረሻ ቅጹ ሲመጣ እየዞርኩ «ሁሉም አምስት» አልኩ፤ የሰንበት ተማሪውም አላመነታም።

ለብሔራዊ ፈተና በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወሰዱን። የፊዚክሱን ወረቀት ገልጬ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው ወረድኩ፤ ተመልሼ ወጣሁ፤ የማውቀው አልነበረም። ከዚያ ፈተና ስንወጣ የሳቀ ሰው የለም። ውጤቱ ሲመጣ ከክፍላችን አንድም ያለፈ አልተገኘም። የእኔ ፊዚክስ ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ነው። መምህሩ በእኛ አምስቶች ዝውውሩን አግኝቶ ሄዷል።

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላምን አልፌ ደምበጫ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነበር። ጠይቄ ጠይቄ አዲሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት።

«ቲቸር፣ ሆን ብለው ነው የጣሉን» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ሆን ብዬ ነው» አለ።

ይክዳል ብዬ ነበር የመጣሁት።

«ሳስተምር አንድ ሰጣችሁኝ» አለ። «ሳላስተምር አምስት። አንቺ ብትሆኝ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

«እኛ ልጆች ነበርን።»

«እናቴ ደግሞ አሮጊት ነበረች። ዝውውሩን የጠየቅሁት እሷን ላስታምም ነው። ኅዳር ላይ ቀበርኳት።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ አንዱም አልወጣ አለኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ስድቡን እንደያዝኩ ወደ መናኸሪያው ተመለስኩ። ዛሬም አብሮኝ አለ፤ በማን ላይ እንደማወርደው ግን አላውቅም።